አያ ሙላቴ «ልቤን» ሲሉ

ዓለምነው ሙላቴ ደብረ ታቦር ውስጥ ባለ አንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት አማርኛ ማስተማር ከጀመረ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነው። እኔ ጂኦግራፊ የማስተምርበት ክፍል ከእሱ ክፍል ጋር ግድግዳ ይጋራል። ስለ ስምጥ ሸለቆ እየተናገርሁ የእሱ ድምፅ በላዬ ላይ ይመጣብኛል። «መምህራኖች አይባልም። መምህራን ራሱ ብዙ ነው፤ የበዛውን ለምን ታበዛዋለህ?» ይላል። የእኔ ተማሪዎች ይሥቃሉ፤ እኔም ካርታዬን ይዤ እስኪጨርስ እጠብቃለሁ።

ሰኞ ሰኞ ከመምህራን ማረፊያ በር አጠገብ በተሰቀለች ትንሽ ሰሌዳ ላይ በግራ በኩል ሰው የሚሳሳተውን፣ በቀኝ በኩል ትክክለኛውን ይጽፍ ነበር። ትምርት፣ ትምህርት። ሕፃናቶች፣ ሕፃናት። እንደውም፣ እንዲያውም። አንድ ሳምንት ከሬዲዮ የሰማውን «ቡድኑ ሁለት ጎል አስተናገደ» ጽፎ፣ በትይዩው «የሚስተናገደው እንግዳ ነው» ብሎ አኖረበት። ያቺ ቃል ገበያ ድረስ ወርዳ፣ ጨርቅ ነጋዴው ሰዒድ ደንበኛ በገባ ቁጥር «ና፣ እንደ ጎል ላስተናግድህ» ይል ጀመር። የሠርግ መጥሪያ የሚያሳትም ሰው ከማተሚያ ቤት በፊት ለዓለምነው ያሳያል። ከተማው ይወደው ነበር፤ ክፋትም የለበትም። ልጆች ሲያነቡ «ይመታል» የሚለውን ማጥበቅ ሲገባቸው አላልተው የተመታውን ሰውዬ መቺ ሲያደርጉት፣ እውነቱን ነው፣ ጆሮውን ያመዋል።

ይህ ነገር ከየት እንደመጣበት የነገረኝ አንድ ቀን ብቻ ነው። የተወለደው ጉና ግርጌ፣ ከክምር ድንጋይ ወጣ ብሎ ካለ መንደር ነው። ለዘጠነኛ ክፍል ደብረ ታቦር እንደመጣ፣ በመጀመሪያው ሳምንት ተነሥቶ እንዲያነብ ታዘዘ። «ፀሐይ» የሚለውን አገሩ እንደሚለው «ጠሐይ» ብሎ አነበበው። ክፍሉ ሣቀ፤ መምህሩም አብሮ ሣቀ። ሁለት ዓመት ሙሉ «ጠሐዩ» ሲባል ኖረ። በተከራየባት ክፍል ውስጥ በሩን ዘግቶ «ፀ፣ ፀ፣ ፀ» እያለ ምላሱን ይገራ እንደነበር ነገረኝ። ሲነግረኝ ሊሥቅ ሞክሮ ነበር፤ አልሆነለትም።

አባቱ አያ ሙላቴ ገብስና ድንች የሚያመርቱ፣ ጥቂት በጎች ያሏቸው ገበሬ ነበሩ። ፊደል አልቆጠሩም። በዚያ አገር ግን ደም የፈሰሰበት ወይም ድንበር የተገፋበት ሰው መጀመሪያ የሚልከው ወደ እሳቸው ነበር። ጠብመንጃ አንግተው የመጡ ሁለት ባላንጣዎችን ስለ ዝናቡ፣ ስለ በጎቹ፣ ስለ ሟች አያቶቻቸው እያነሡ በጨዋታ ይይዟቸዋል፤ ስለ ጠቡ አንድ ቃል ሳይተነፍሱ ግማሽ ቀን ይሄዳል። «ሰው በድንበር ሲጣላ መሬቱ ይሰማል፤ ቆይቶ ሁለቱንም ይወስዳቸዋል» ይሉ ነበር አሉ። በመጨረሻ ሁለቱ ከአንድ ገበታ ቆርሰው ይለያያሉ። እኔ ይህን ሁሉ የሰማሁት ከሞቱ በኋላ ነው። በሕይወት ሳሉ አምስት ስድስት ጊዜ አግኝቻቸዋለሁ፤ ከመጀመሪያው ቀን በቀር ግን አፋቸውን ከፍተው ሲያወሩ አልሰማሁም።

የመጀመሪያው ቀን የዓለምነው ትንሿ ልጅ ክርስትና የተነሣች ዕለት ነው። ቤቱ በመምህራንና በጎረቤት ሞልቷል። አያ ሙላቴ ከአገራቸው ሙክት ነድተው መጥተው፣ ከግድግዳው ሥር በክብር ተቀምጠዋል። ከእንግዶቹ አንዱ ስለ ሽምግልናቸው ቢጠይቃቸው፣ አንድ ምንጭ ስለሚጋሩ ሁለት አማቾች ማውራት ጀመሩ። ድምፃቸው ዝግ ያለ ነው። እንዲያም ሆኖ ቤቱ ቀስ በቀስ ጸጥ አለ፤ ወጥ ቤት የነበሩት ሴቶች ሳይቀሩ መጥተው በሩ ላይ ቆሙ። በውሃው የተነሣ አንደኛው አማች ተኩሶ ሌላውን እንዳቆሰለው ተናገሩና «ኋላ ቦሊሱ መጣና» አሉ።

«ፖሊስ ነው አባዬ» አለ ዓለምነው፣ ጠላ እየቀዳ።

«እሱው ነው» ብለው ቀጠሉ። ጥቂት እንደሄዱ የቆሰለው ሰው «ኦስቢታል» ገባ አሉ። ዓለምነው «ሆስፒታል» አለ። ሰው ፈገግ አለ። አያ ሙላቴም ቃሉን በዝግታ ደገሙት፤ ትንሽ የዘነጉትን ክር እንደሚፈልጉ ሁሉ ዝም ብለው ቆይተው፣ ሽማግሌዎቹ በምንጩ ዳር መቀመጣቸውን ነገሩን። «ዠምበሯ ስታዘቀዝቅ፣ ያ ትንሹ አማች ብድግ ብሎ» አሉ።

«ጀምበር፣ አባዬ። ካስቸገረዎት ፀሐይ ይበሏት።»

ያን ጊዜ ቤቱ በሙሉ ሣቀ። እኔም ሥቄአለሁ። ማንንም ለመጉዳት ብዬ አይደለም፤ የዓለምነውን ጠባይ ስለማውቅ ነው። ይሁንና ሥቄአለሁ። አያ ሙላቴ ዋንጫቸውን መሬት አስቀመጡና «እናንተ ተጫወቱ እንግዲህ» አሉ። ፊታቸው ላይ ኩርፊያ አላየሁበትም፤ በሰው ወንበር ተቀምጦ ኖሮ ባለቤቱ ሲመጣ እንደሚነሣ ሰው ነበሩ። ትንሹ አማች ብድግ ብሎ ምን እንዳደረገ የጠየቀ የለም። አንዱ ስለ መብራት መቆራረጥ አነሣ፣ ጨዋታውም ወደዚያው ሄደ።

እንግዶቹ ሲሄዱ የዓለምነው ባለቤት ትዕግሥት፣ አባትህን ዝም አሰኘሃቸው ብላው ነበር። እሱ አልተቀበላትም። ከዚያ ወዲህ አያ ሙላቴ ቤቱ ሲመጡ እየጠየቁ የሚናገሩ ሆኑ። የስልኩን ቻርጀር አንሥተው «ይህን ምን ትሉታላችሁ?» ይላሉ፤ ሲነገራቸው በለሆሳስ ይደግሙታል። ለዓለምነው ይህ ትልቅ ደስታ ነበር። «አባቴ በስተርጅና ትምህርት ጀመሩ» አለኝ አንድ ቀን በኩራት። እንግዳ ሲመጣ ግን ጸጥ ይላሉ፤ ጥያቄ ሲቀርብላቸው መጀመሪያ የሚያዩት ልጃቸውን ነው።

አምና መስከረም ሲያልቅ፣ ከአባቷ ጋር የምትኖረው ታላቅ እኅቱ ዝናሽ ደወለችለት። አባዬ ዳገት ሲወጡ እየቆሙ ነው፤ ልቤን ጭምድድ ያደርገኛል ይላሉ፤ ወደ ሐኪም ውሰዳቸው አለችው። ዓለምነው በዚያው ቅዳሜ ሄዶ አመጣቸው።

በእኛ ገጠር ሰው ጨጓራው ሲያቃጥለውም፣ ሲያቅለሸልሸውም «ልቤን» ይላል። እጁን የሚያኖረውም ከሆዱ በላይ፣ ከደረቱ በታች ነው። እውነተኛው ልቡ ሲያመውም ያው «ልቤን» ነው። ከየትኛው እንደሆነ ለማወቅ ሰውየውን ቁጭ ብሎ ማናገር ያስፈልጋል። ዓለምነው ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል፤ አንድ ሰኞ ሰሌዳው ላይ «ልቤን አቃጠለኝ» ጽፎ፣ በቀኙ «ጨጓራዬን» ብሎ አርሞታል።

ከአንድ የግል ክሊኒክ ወሰዳቸው። ዶክተሯ ወጣት ናት፤ ከሌላ ክፍለ ሀገር መጥታ ገና ዓመት አልሞላትም። ምንዎን ነው የሚያምዎት አለቻቸው። አያ ሙላቴ እጃቸውን ከደረታቸው ሥር አኑረው «ልቤን» አሉ።

ዶክተሯ ብዕሯን አንሥታ ቀና ስትል ዓለምነው ቀደም አለ። «ጨጓራቸውን ማለታቸው ነው። በእኛ አገር ጨጓራን ልብ ይሉታል» አላት።

«እንደሱ ነው አባባ?»

አያ ሙላቴ ልጃቸውን አዩት። ከዚያ ወደ እሷ ዞረው «እሱን ጠይቂው ልጄ፤ ቃል የሚያውቅ እሱ ነው» አሉ።

ከዚያ በኋላ የተጠየቀውን ሁሉ የመለሰው ዓለምነው ነው። መቼ እንደጀመራቸው፣ ምን ሲበሉ እንደሚብስባቸው፣ ያቃጥላቸው እንደሆነ። የማያውቀውንም ጭምር መለሰ፤ ይህን ራሱ ነው በኋላ የነገረኝ። ዶክተሯ የጨጓራ መድኃኒት አዘዘች፤ በርበሬና ጠላ እንዲተዉ፣ ከወር በኋላ ተመልሰው እንዲታዩ ነገረቻቸው። አያ ሙላቴ አንድ ሳምንት ልጃቸው ቤት ሰነበቱ። ቤቱ ሜዳ ላይ ነው፣ ሥራ የለም፣ ዳገት የለም፤ ሕመሙ ተዋቸው። ትዕግሥት እንኳ በመድኃኒቱ ተገረመች። የገብሱ አጨዳ ደርሶ ነበርና ልሂድ አሉ፤ ዓለምነው ክምር ድንጋይ ድረስ ሸኝቷቸው ተመለሰ።

ሦስት ሳምንት እንኳ አልሞላም። ከመንደሩ በላይ ያሉ ሁለት ቤተሰቦች በድንበር ተጣልተው ሰው ላኩባቸው። ዝናሽ ይቅርብዎ ብትላቸው፣ ደም ሳይፈስ ልድረስ ብለው በትራቸውን ይዘው ወጡ። የዳገቱ ወገብ ላይ ቆሙ፣ ከአንድ ካብ ተደግፈው ተቀመጡ፣ ውሃ ለመኑ። ሊጠራቸው መጥቶ አብሯቸው የወጣው ሰው ውሃውን ይዞ ሲመለስ አርፈው አገኛቸው። ሰባ አንድ ዓመታቸው ነበር።

ለቀብሩ መምህራኑ አንድ ሚኒባስ ሞልተን ሄድን፤ ከክምር ድንጋይ ወዲያ ያለውን በእግራችን ወጣን። እንደዚያ ያለ ሕዝብ በአንድ ገበሬ ቀብር ላይ አይቼ አላውቅም። በአንድ ወቅት የተገዳደሉ ቤተሰቦች ጎን ለጎን ቆመው ሲያለቅሱ አይቻለሁ። ዓለምነው እንደማንኛውም ልጅ አለቀሰ፤ ገና የሚያውቀው ነገር አልነበረም።

ያወቀው በሠልስቱ ነው። እኔ ከእሱ ጋር ቀርቼ ነበር። ከቤቱ ጀርባ ተቀምጠን ሳለ ዝናሽ መጥታ አጠገባችን ቁጭ አለች። በወቀሳ አልመጣችም፤ አባቷን እያነሣች ልቧን ልታስተነፍስ ነው የመጣችው።

«መድኃኒቱን አንድ ቀን አላስታጎሉም» አለችው። «ከመብል በፊት ይወስዳሉ። ኋላ ሲብስባቸው ግን፣ አባዬ፣ ያች ሐኪም ልብዎን አየችው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።»

«ምን አሉሽ?»

«አይ ዝናሽ፣ እኔ ነኝ ልብ የምለው፤ ከተማ ስሙ ጨጓራ ነው፤ ዓለምነው አርሞኛል፤ መድኃኒቱም የዚሁ ነው አሉኝ። እጃቸውን እዚህ አድርገው።» ግራ ጡቷ ላይ እጇን አኖረች። ከልቧ ማወቅ ፈልጋ «እውነት ጨጓራ ማለት ልብ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀችው።

ዓለምነው ተነሥቶ ወደ ገብሱ ማሳ ወረደ። ለዝናሽ ልብና ጨጓራ ሁለት እንደሆኑ የነገርኋት እኔ ነኝ። ስነግራት ፊቷ ላይ ያየሁትን አልጽፈውም።

አባቱ ከክርስትናው ዕለት ወዲህ ለሦስት ዓመት «እንዲህ አይባልም» ሲባሉ ኖረው፣ በመጨረሻ አንዱን ትክክለኛ ቃላቸውን ጭምር እንደ ስሕተት ቆጥረው ተዉት። ዓለምነው ያን ቀን ማሳው ዳር ቆሞ ያሰበው ይህን እንደሆነ ነግሮኛል። ልባቸው እያመማቸው፣ ልቤን ብለው፣ ልክ አይደለም ተባሉ፤ አመኑትም።

ወደ ከተማ እንደተመለሰ ዶክተሯ ዘንድ ሄዶ ሁሉንም ነገራት። ትጮህብኛለች ብሎ ነበር። እሷ ግን ካርዳቸውን አውጥታ ለረጅም ጊዜ አየችው። ደረቴን ብለውኝ ቢሆን የልብ ምርመራ አዝዝላቸው ነበር፤ ምናልባት ባሕር ዳር እልካቸው ነበር፤ ምናልባት ዓመታት ይቆዩ ነበር፤ ምናልባትም አይቆዩም ነበር አለችው። ከዚያ «እሳቸውን መጠየቅ ሲገባኝ አንተን ጠየቅሁ» ብላ ካርዱን ዘጋችው። «ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር» አለኝ ከዚያ ሲወጣ።

በቀጣዩ ሰኞ ሰሌዳዋ ላይ ምንም አልተጻፈም፤ በሌላውም ሰኞ እንዲሁ። ገነት የምትባል ጎበዝ ተማሪው ምነው መምህር ስትለው፣ እረፍት ላይ ነኝ አላት። ስሕተት በቀይ እስክሪብቶ ደብተር ላይ ያርማል፤ በአፉ ግን አንድም ልጅ አያቋርጥም። ልጆቹ ሲያነቡ ድሮ እሱ የሚገባበት ቦታ ሲደርሱ ቆም ብለው ይጠብቁታል። በግድግዳው በኩል ያ ዝምታ ይሰማኛል። ርእሰ መምህሩ የአማርኛ ውጤት ወርዷል ብሎ ተናግሮታል፤ ሐሰት አይደለም። እኔም አንድ ቀን፣ ማረም ሥራህ ነው፣ ልጆቹ ምን በደሉ ብዬዋለሁ። «ሰው ሲናገር የምሰማው ቃሉን ነበር» አለኝ። «የሚለውን አልሰማም ነበር። አሁን ሁለቱን አንድ ላይ እንዴት እንደምሰማ አላውቅበትም።»

ከተዝካሩ በኋላ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ ወደ መንደሩ መሄድ ጀመረ። የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ የሁለቱን አማቾች ታሪክ እስከ መጨረሻው መስማት። አንዳንዴ አብሬው እሄዳለሁ። አያ ጥላዬ የሚባሉ የአባቱ የሽምግልና ባልደረባ አሉ፤ በአማቾቹ ጉዳይ ላይ አብረው ተቀምጠው ነበር። ከእኔ ጋር ብቻቸውን ሲሆኑ ጨዋታቸው እንደ ውሃ ይወርዳል። ዓለምነው ሲገባ ግን ይስተካከላሉ። ቃል ይመርጣሉ፤ ያነሡትን ይጥላሉ፤ ሌላ ፍለጋ ሲሄዱ ነገሩ ይጠፋባቸዋል። ሌሎቹም እንደሳቸው ናቸው። ታሪኩን ለመጨረስ የሞከሩትም አልተስማሙም። ትንሹ አማች ብድግ ብሎ የሌላውን እግር ሳመ የሚል አለ፤ ጠብመንጃውን ምንጩ ውስጥ ጣለው የሚልም አለ።

አንድ ቅዳሜ ዓለምነው አላስችል ብሎት፣ እባክዎ አያ ጥላዬ፣ እንደ አባቴ አድርገው ይንገሩኝ ብሎ ለመናቸው። ሽማግሌው አልተቆጡም። አዝነውለታል።

«እንዴት ብዬ ልጄ?» አሉት። «አንተ ፊት እኮ እሳቸውም አልቻሉም።»



ዘንድሮ ግንቦት ላይ ዝናሽ ዓይኗን ታመመችና ደብረ ታቦር መጣች። ዓለምነው ወደ ሐኪም ወሰዳት። ተራዋ ሲደርስ በሩን ከፈተላት፤ ግቢ፣ እኔ እዚሁ ነኝ አላትና ውጭ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ። ከልቡ በጎ ያደረገ መስሎት ነበር። ሐኪሙ ፈጥኖ የሚናገር ሰው ኖሮ፣ ዝናሽ የሚለውን ግማሹን አልሰማችም፤ የጉና አገር ሰው የሆነች አንዲት ነርስ ደርሳ ነው ያስረዳቻት። ስትወጣ ዓይኗ የቀላው በሕመሙ ብቻ አልነበረም።

«ወንድም ያለኝ መስሎኝ ነበር» አለችው።

«እታለም፣ አንቺው ራስሽ እንድትናገሪ ብዬ ነው።»

«መናገሩንስ ተናገርሁ። አብሮኝ የሚሰማ ነው ያጣሁት።»

ይህን ማክሰኞ ዕለት መምህራን ማረፊያ ውስጥ ነገረኝ፤ የተማሪ ደብተር ቁልል ከፊቱ አድርጎ። በሁለተኛው ቀጠሮ አብሯት ገባ። ሐኪሙ ወደ እሱ ዞሮ ሲጠይቀው፣ እሷን ጠይቃት አለው፤ እሱም ዝናሽም የሚባለውን እኩል አዳመጡ። ዓይኗ እየዳነላት ነው። ሲወጡ ክንዱን ይዛ ለሐኪሙ የነገረችውን ሁሉ ደግማ ነገረችው፤ እሱም እስከ ቤት ድረስ ሰማት።

«ይኼን ያህል ቀላል ነበር» አለኝ፣ የቀዩን እስክሪብቶ ክዳን እየከፈተ። «ከአባቴ አጠገብ ቁጭ ብዬ ዝም ማለት ብቻ።» ከዚያ የመጀመሪያውን ደብተር ሳበ።